ቅዳሜን ከመስጠታችሁ በፊት፦ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆችን ለመደገፍ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ልጆች የቤት ሥራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ትልልቅ ሰዎች አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያግዟቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እዚያ እቀመጥ ነበር። የደረሰኝ ልጅ 11 ዓመቱ ነበር። ክፍልፋይ ሲመጣበት እርሳሱን ያስቀምጥና የጃኬቱን ዚፕ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በአራተኛው ሳምንት ዚፑን ተወው። በስድስተኛው ሳምንት ከኔ ቀድሞ መጥቶ ወንበር ይዞልኝ ጠበቀኝ። በሰባተኛው ሳምንት የሥራ ሺፍቴ ተቀየረና ቀረሁ።

ለአስተባባሪዋ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ለልጁ ግን አልነገርኩትም። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ሌላ ወንበር ላይ ነበር። ሰላም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ሃይ" ብሎ አጎነበሰ። እጁ ዚፑ ላይ ነበር።

ይህን ያነሳሁት "የጥቁር አሜሪካውያንን ልጆች ማገዝ እፈልጋለሁ፣ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። በተለይ ዋሽንግተንና አካባቢው ያለን ኢትዮጵያውያን ጥያቄው ደጋግሞ ይገጥመናል። እኔ ከዚያ ጠረጴዛ ወዲህ መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ስንት ጊዜ መቆየት እንደምትችሉ ቁረጡ። መንገዱን ከዚያ በኋላ ምረጡ። ከታች የማወዳድራቸው መንገዶች ሁሉ ጥሩ ሰዎች የሚሠሩባቸው ናቸው። ግን አንዱ ዓመት ይጠይቃል፣ አንዱ ስድስት ሳምንት፣ አንዱ አንድ ጠዋት፣ አንዱ ደግሞ ገንዘብ ብቻ። (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ለምን ይመለከተናል?

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ፣ አራት የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ የምሳ ባንኮኒ ተቀመጡ። አንሄድም አሉ። በሁለት ወር ውስጥ ተቃውሞው በደቡቡ ሁሉ ተዛመተ። ኤላ ቤከር የምትባል የ56 ዓመት ሴት እነዚያን ወጣቶች ራሌ በሚገኘው ሾው ዩኒቨርሲቲ ሰበሰበቻቸው። ታላላቆቹ መሪዎች ወጣቶቹ የነሱ ክንፍ እንዲሆኑ ይፈልጉ ነበር። እሷ ግን የራሳቸው ድርጅት ይኑራቸው ብላ ቆመችላቸው። "ስኒክ" ተብሎ የሚጠራው የተማሪዎች ንቅናቄ የተወለደው እንዲህ ነው። ወጣትን መምራት ሲባል እኔ ብዙ ጊዜ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። አዳራሹን አዘጋጀች፣ ሰዎቹን ጠራች፣ መድረኩን ለነሱ ለቀቀች።

ያ ትግል የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግና የ1965ቱን የምርጫ መብት ሕግ አመጣ። ለአፍሪካውያን ጠብቦ የኖረውን የኢሚግሬሽን በር የከፈተው ሕግም የወጣው በዚያው በ1965፣ በዚያው ማዕበል ውስጥ ነው። እኛ በዚያ በር ገብተናል።

ከዚያም በፊት የቆየ ብድር አለብን። ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በቺካጎ ጥቁር ወጣቶችን አውሮፕላን ያስተምር ነበር። በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲል መጥቶ ከአርበኞቻችን ጎን ተሰለፈ። በ1944 ተመልሶ መጥቶ የኛን ልጆች በረራ አስተማረ። ሕይወቱ ያለፈውም አዲስ አበባ ነው፣ በ1954።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በመካከላችን ልጆቻቸውን "ከነሱ ጋር አትግጠም" የሚሉ ወላጆች አሉ። በቤት ስንነጋገር ሰምቼዋለሁ፣ አፍሬበታለሁም። ልጃችሁ ኮፍያውን ደፍቶ ማታ ከቤት ሲወጣ መንገድ ላይ የሚያየው ሰው አያቶቹ ከየት እንደመጡ አይጠይቀውም። የሰፈሩ ልጆች ሲያድጉ የኛም ያድጋሉ።

አንድ ለአንድ፦ ብዙ የሚሰጥ፣ ብዙ የሚጠይቅ

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሜንተር መሆን ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ይጣመራል። በወር ሁለት ሦስቴ ይገናኛሉ። አብረው ይበላሉ፣ ኳስ ያያሉ፣ ይጨዋወታሉ። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ ነው። ሥሩ እስከ 1904 ይደርሳል። ከመቀበሉ በፊት ባክግራውንድ ቼክ ያደርጋል፣ ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ ከተጣመራችሁም በኋላ እየደወለ ይከታተላል። ክትትሉን እንደ ጣጣ አትዩት። የሚለየውም በዚሁ ነው።

የዚህ ድርጅት ሥራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በደንብ ተፈትኗል። በስምንት ከተሞች ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 959 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሜንተር አገኙ፣ ግማሾቹ ወረፋ ጠበቁ። ከ18 ወር በኋላ ሜንተር ካገኙት መካከል አደንዛዥ ዕፅ የጀመሩት በ46 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ከትምህርት ቤት የሚቀሩባቸው ቀኖችም በግማሽ ገደማ ቀነሱ። አስቡት፣ ማንም ስለ ዕፅ ትምህርት አልሰጣቸውም። የሚጠብቁት ሰው ነበራቸው፣ ያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ገጹ ልምጣ። የዚያው ጥናት መረጃ ቆይቶ እንደገና ሲፈተሽ ጥቅሙ በጉልህ የታየው ከዓመት በላይ በቆዩት ጥንዶች ላይ ነው። በሦስት ወር ውስጥ በተቋረጡት ልጆች ላይ ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጀምሮ መጥፋት ካለመጀመር የባሰ ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው። ይህን ሳነብ የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። እኔ የቆየሁት ስድስት ሳምንት ነበር።

እንግዲህ ኡበር የምትነዱ፣ ሁለት ሥራ የምትሠሩ፣ ሺፍታችሁ በየወሩ የሚቀያየር ከሆነ ይህን መንገድ ለጊዜው እለፉት። ሌላ የሚሆናችሁ አለ፣ እደርስበታለሁ። ሰዓታችሁ የተረጋጋ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከከተማው የማትለቁ ከሆነ ግን ይህን የሚያህል አላውቅም። ወንዶች ደግሞ በተለይ አስቡበት። ወንድ በጎ ፈቃደኛ ስለሚያንስ ጥቁር ወንዶች ልጆች ወረፋ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ።

ክብ ሠርቶ መቀመጥ

ሁለተኛው መንገድ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረግ የቡድን ሥራ ነው። እኔ የምወደው ምሳሌ በቺካጎ በ2001 የተጀመረው ቢካሚንግ ኤ ማን ነው፤ ባጭሩ ባም ይሉታል። ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ወንዶች ልጆች በሳምንት አንዴ፣ በትምህርት ሰዓት፣ ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ ከከተማዋ ደቡብና ምዕራብ ሰፈሮች የመጡ ጥቁርና ላቲኖ ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ጨዋታ አለ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ለአንዱ ትንሽ ኳስ ይሰጠዋል፣ በጡጫው ይይዛታል። ጓደኛው "ኳሷን ከእጁ አውጣ፣ 30 ሰከንድ አለህ" ይባላል። መታገል ይጀምራል። ጣት መፈልቀቅ፣ እጅ መጠምዘዝ፣ መሬት ላይ መውደቅ። ሰዓቱ ሲያልቅ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ እንደገና ትግል ነው። በመጨረሻ አማካሪው "አንዳችሁም እባክህ ስጠኝ ብላችሁ አልጠየቃችሁም። ለምን?" ይላል። ልጆቹ "ቢጠየቅስ መቼ ይሰጠኛል?" ይላሉ። አማካሪው ወደ ጓደኛየው ዞሮ ይጠይቀዋል። እሱም ብዙ ጊዜ "ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር፣ ኳስ አይደለች እንዴ?" ይላል።

እኔን የገረመኝ ስብከት የሌለበት መሆኑ ነው። "ጠብ መጥፎ ነው" የሚል የለም። የሰፈሩ መንገድ ላይ ፈጥኖ አጸፋ መመለስ አንዳንዴ ሕይወት ያተርፋል፣ ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ባም የሚያስተምራቸው ከመመለሳቸው በፊት አንዴ ቆም ብለው "አሁን የገጠመኝ የትኛው ነው?" እንዲሉ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ክራይም ላብ በዕጣ ከፍሎ ባጠናቸው ሁለት ሙከራዎች፣ ልጆቹ በፕሮግራሙ ውስጥ ባሉበት ጊዜ በአመፅ ወንጀል መያዛቸው ከ45 እስከ 50 በመቶ ቀንሷል። በመጀመሪያው ሙከራ የተሳተፉት ቆይተው ሲታዩ በሰዓቱ የመመረቅ ዕድላቸው ጨምሯል። ፕሮግራሙ ካበቃ በኋላ ግን የመያዙ ቁጥር ልዩነት እየጠፋ ሄዷል። ስለዚህ አንድ ዓመት ሰጥቶ ማቆም አይበቃም፣ ክቡ መቀጠል አለበት። ለሴት ልጆች ዎርኪንግ ኦን ውመንሁድ የሚባል እህት ፕሮግራምም አላቸው።

እዚህ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? አማካሪዎቹ ደሞዝተኛ ባለሙያዎች ናቸው፣ ሄዳችሁ ክቡ ውስጥ አትቀመጡም። የሚጠበቅባችሁ የወላጅ ድምፅ መሆን ነው። ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ የቡድን ጊዜ አለው ወይ? ከሌለው በወላጆች ስብሰባ ላይ ጠይቁ። የኛ ሰው በነዚያ ስብሰባዎች ላይ ብዙም አይታይም። በየወሩ የሚያነሳው ሰው ካለ ርእሰ መምህሩ ይሰማል።

የሰመር ሥራ፦ ሱቅ ላላችሁ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ለኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ ይበልጥ የሚመች ይመስለኛል። ምግብ ቤት አለን። ግሮሰሪ አለን። ጋራዥ፣ የሒሳብ ቢሮ፣ የሕፃናት ማቆያ አለን። አብዛኛው ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ሰፈር ነው።

በ2012 ቺካጎ ውስጥ ከ13 አመፅ ከበዛባቸው ትምህርት ቤቶች 1,634 ተማሪዎች በዕጣ ተለዩ። ዕጣ የወጣላቸው ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት 25 ሰዓት፣ በዝቅተኛው ሕጋዊ ክፍያ ሥራ ተሰጣቸው። ለየልጁ ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ትልቅ ሰው ተመደበ። በ16 ወር ውስጥ በአመፅ ወንጀል መያዛቸው ሥራ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር በ43 በመቶ ቀነሰ። አብዛኛው ልዩነት የታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። "መንገድ ላይ የሚውሉበት ጊዜ ስላጡ ነው" ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። ልጆቹ ከሥራው ይዘውት የወጡት ነገር አለ።

ከዚህ ብዙ አትጠብቁ የምለውም አለ። ኒው ዮርክ የሰመር ሥራን በዕጣ ስለምትሰጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ላይ ውጤቱን ማየት ተችሏል። እስር ቤት የሚገቡት ቀነሱ፣ የሚሞቱትም ቀነሱ። በኋላ የሚያገኙት ደሞዝ ግን አልጨመረም። ኮሌጅ የሚገቡትም አልበዙም። የሰመር ሥራ ልጅን በአስቸጋሪው ዕድሜ ያሻግረዋል፤ ሙያ ግን አይሆነውም። ሙያ የሚፈልግ የ20 ዓመት ወጣት ካለ እንደ ኢየር አፕ ያለውን ይመልከት። በ2000 ቦስተን ውስጥ የተጀመረ ነው፣ ለዓመት ያህል ያሠለጥናል፣ ከዚያም ኩባንያ ውስጥ ልምምድ ያስገባል።

በዋሽንግተን ዲሲ ከተማዋ ከ1979 ጀምሮ የወጣቶች የሰመር ሥራ ፕሮግራም አላት፣ ዛሬ በቀድሞው ከንቲባ በማሪዮን ባሪ ስም ይጠራል። ዕድሜ ከ14 እስከ 24። ደሞዙን የምትከፍለው ከተማዋ ናት። ባለሱቁ የሚሰጠው ቦታና ትኩረት ነው። ብዙ ያገራችን ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ ይደነቃሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ምዝገባው የሚከፈተው በብርዱ ወራት ነው። ሰኔ ላይ ከደወላችሁ አልፏችኋል።

ልጁ ሲመጣ ምን ይሥራ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። መጥረጊያ እንሰጠውና እንረሳዋለን። መጥረግ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፣ ሁላችንም ጠርገናል። ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲጠርግ የዋለ ልጅ የሚማረው ሰው እንዳላየው ነው። አንድ ሥራ የራሱ ይሁን። ለምሳሌ የመጋዘኑ ቆጠራ። ሰኞ ጠዋት ስንት ኩንታል ጤፍ አለ፣ ስንት ካርቶን ዘይት፣ የቱ ነው የሚያልቀው? እሱ ይቁጠር፣ እሱ ይጻፍ፣ አቅራቢው ጋ እሱ ይደውል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አጠገባችሁ ይቁም። የአንድ ቀን ሽያጭ ከኪራይ፣ ከመብራት፣ ከሠራተኛ ተርፎ ምን ያህል እንደሚቀር በዓይኑ ይይ። ይህን ቁጥር የሚያሳየው ሰው በትምህርት ቤት አያገኝም። ቢያረፍድ ዕለቱን ንገሩት፣ ብቻውን ጠርታችሁ። ጥሩ ሲሠራ ግን ሰው ፊት ንገሩት።

ገንዘብ ብቻ ላለው

ጊዜ የለኝም፣ ገንዘብ ግን ትንሽ አለኝ የሚል ሰው ያፍርበታል መሰለኝ፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። አትፈሩ። በትክክለኛው ቀን የደረሰ ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

አትላንታ ያለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በርካታ ጥቁር ተማሪዎችን ከሚያስመርቁት አንዱ ነው። እዚያ ተማሪዎች ሊመረቁ ጥቂት ሲቀራቸው ለትንሽ ዕዳ ሲሉ ከምዝገባ ይወጡ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ2011 ጎደሎውን የሚሞላ ድጎማ ጀመረ። በአማካይ 900 ዶላር ገደማ ነው። ተማሪው ማመልከቻ አይጽፍም፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አይቶ ይሞላለታል። ሦስት ዓመት የተማረ ልጅ በ900 ዶላር ምክንያት ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደሚሰማው ማሰብ ይከብደኛል።

እቁብ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመሥራት ሌላ ትምህርት አያስፈልገንም። አሥር ሰው በወር 30 ዶላር ቢያዋጣ በሦስት ወር 900 ይሆናል። አንድ ተማሪ ማለት ነው። ቅርባችሁ ወዳለ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ቢሮ ደውሉና ለአስቸኳይ ጊዜ የተዘጋጀ የተማሪ ፈንድ እንዳለው ጠይቁ። ዲሲ ያለን ሰዎች ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን ነው። በ1867 የተመሠረተ ነው። የኛው ሐኪም መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው፣ በ1935 ነው የተመረቁት። በስኮላርሺፕና በዚህ መካከል ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ስኮላርሺፕ ጎበዝ የተባለውን ይፈልጋል። ይህ ግን ሊወድቅ የደረሰውን ይይዛል።

አንድ ጠዋት ያላችሁስ?

በ1964 ሰመር ሚሲሲፒ ውስጥ ከ40 በላይ የነፃነት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በበረንዳ፣ በዛፍ ጥላ ሥር። ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ንባብ፣ የጥቁሮችን ታሪክና የዜግነት መብታቸውን ተማሩ። አስተማሪዎቹ አብዛኞቹ የኮሌጅ ልጆች ነበሩ። ይህን ልማድ ዛሬ የያዘው ማሪያን ራይት ኤደልማን በ1973 ያቋቋመችው ችልድረንስ ዲፌንስ ፈንድ ነው። በየከተማው ከቤተ ክርስቲያናትና ከትምህርት ቤቶች ጋር ሆኖ ለስድስት ሳምንት ያህል የሰመር ንባብ ያካሂዳል።

ጠዋት ጠዋት "ሐራምቤ" የሚሉት ሰዓት አላቸው። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፣ ኑ አብረን እንሳብ እንደማለት። ይዘምራሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ከሰፈሩ የተጋበዘ ትልቅ ሰው መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። እንግዳው ነርስ ሊሆን ይችላል፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ መሐንዲስ። ሺፍታችሁ የሚቀያየርባችሁ ሰዎች፣ ይህ ለናንተ ነው። ልጆቹ የአንድ ቀን እንግዳ መሆናችሁን ያውቃሉ፣ ማንም አይከፋም። ንግግራችሁ ያገር ቤት ቃና ስላለው አትሸማቀቁ። ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃሉ፣ ንገሯቸው።

ሦስት ነገሮች በአጭሩ

መጀመሪያ፣ ማስፈራራት። "እስር ቤት ወስዳችሁ ብታሳዩት ይስተካከላል" የሚል ሰው ከኛም መካከል ብዙ ነው። በ1970ዎቹ ኒው ጀርሲ በራህዌይ እስር ቤት የተጀመረ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ነበር። እስረኞች በልጆች ላይ ይጮኻሉ፣ ያስፈራራሉ። ስሙ በአገሩ ሁሉ ገነነ። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ግን የተወሰዱት ልጆች ካልተወሰዱት ይልቅ ወንጀል ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ጨምሮ ተገኘ። ይህን ለማንም ልጅ አትምረጡ።

ከዚህ ጋር የማይምታታ ሌላ ሥራ አለ። ታስረው የወጡ፣ ሕይወታቸውን ያስተካከሉ የሰፈሩ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ከወጣቶቹ ጎን ይሆናሉ። ኒው ዮርክ በ2012 አርችስ ብላ የጀመረችው ፕሮግራም በሁለት ዓመት ውስጥ በከባድ ወንጀል እንደገና የሚፈረድባቸውን ወጣቶች ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ዲሲም ተመሳሳይ አላት። ይህን ሥራ እኛ አንሠራውም፣ የመንገዱ ሰዎች ናቸው የሚችሉት። ስብሰባ የሚያደርጉበት ክፍል ግን ያስፈልጋቸዋል። ሰኞ ማታ ባዶ የሚያድር ምግብ ቤት ያለው ሰው ይህን ሊያስብበት ይችላል።

ሦስተኛው፣ ማስተማር። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ቢያንስ አንድ ጥቁር መምህር ያገኙ በጣም ድሃ ጥቁር ወንዶች ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማቋረጥ ዕድላቸው በ39 በመቶ ቀንሷል። አንድ መምህር፣ አንድ ዓመት። በአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁር ወንድ መምህራን ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም። አገር ቤት መምህር የነበራችሁና እዚህ ሌላ ሥራ የያዛችሁ ሰዎች አሉ፣ አውቃችኋለሁ። ምትክ መምህር ወይም ረዳት መምህር ለመሆን የሚጠየቀውን ወረቀት የአካባቢያችሁን የትምህርት ቢሮ ጠይቁ።

አዲስ ድርጅት ላቋቁም ለሚለው

ይህን ሐሳብ የያዘ ሰው ልቡ ሙሉ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። አትቸኩሉ። ጥቁር አሜሪካውያን ልጆቻቸውን ማሳደግ የጀመሩት እኛ ስንመጣ አይደለም። ካፓ አልፋ ሳይ የሚባለው የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ወጣቶችን ወደ ሙያ የሚመራበትን ፕሮግራም የጀመረው በ1922 ነው። ሀንድረድ ብላክ ሜን በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ ተቋቁሞ ዛሬ በብዙ ከተሞች አለ። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ሄደን "እንዲህ አድርጉ" ብንል ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሆናል።

ኒው ዮርክ ያለውን ሃርለም ችልድረንስ ዞንን እንደ ምሳሌ የሚያነሱልኝ አሉ። እውነት ነው፣ ከሕፃንነት እስከ ኮሌጅ ልጁን ይዞ የሚሄድ ትልቅ ሥራ ነው፣ 97 ብሎክ ድረስ ሰፍቷል። ግን መነሻው በ1970 የተቋቋመ ድርጅት ነው። መሪው ጄፍሪ ካናዳ ሰፊውን ዕቅድ በ1990ዎቹ ሲጀምር እዚያው ለዓመታት ሠርቶ ነበር። ገንዘቡም ብዙ ሚሊዮን ነው። እናንተ ያላችሁ ማክሰኞ ማታና አንድ መኪና ከሆነ፣ ልምምድ አምሽተው ወደ ቤት የሚወስዳቸው የሌለ የቅርጫት ኳስ ልጆች የሚሰበሰቡበትን ክለብ ፈልጉ። አሠልጣኙን "ምን ይጎድልሃል?" በሉት።

እንግዲህ እንዴት ልቁረጥ?

የልጁን ዕድሜ ከናንተ ጊዜ ጋር አስተያዩ። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ንባብና መምህር ይቀድማል። ከ10 እስከ 14 ላለው፣ ቋሚ ሰዓት ካላችሁ ሜንተር ሁኑ፤ በዚያ ዕድሜ ልጆች ሰው ይፈልጋሉ። ከ14 በላይ ምክር እየሰለቻቸው ይሄዳል፣ ደሞዝና ኃላፊነት ግን አይሰለቻቸውም። ለነሱ ሥራ ስጡ። ኮሌጅ ለገባው ገንዘብ። ሁሉን አንድ ላይ ልሞክር አትበሉ። እኔ አሁን የያዝኩት በዓመት አንድ የሰመር ልጅና የእቁቡን 30 ዶላር ነው። ሺፍቴ ስለማያስተማምን ሜንተር አልሆንኩም። ሲረጋጋ እሆናለሁ።

ሜንተር የሆናችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ቀን ማቆማችሁ አይቀርም። ሥራ ይቀየራል፣ ሰው ይታመማል፣ ቤት ይለቀቃል። የምታቆሙበትን ቀን እንዳወቃችሁ ለአስተባባሪው ንገሩ። ከዚያ ለልጁ ራሳችሁ ንገሩት፣ ፊት ለፊት፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ። ምክንያቱን በግልጽ ንገሩት፣ ልጆች ምክንያት ካላገኙ ራሳቸውን ነው ምክንያት የሚያደርጉት። የመጨረሻውን ቅዳሜ ቀን በደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፉለት። ያን ቀን እንዳትቀሩ።